ሳትከፍቱ መርምሩት፦ በቴሌግራም የተላከ አፕ እንዴት ይፈተሻል?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ ላይ «ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጅ» እኔ ነኝ። ስልኩ ያስቸገረው ሁሉ በሬን ያንኳኳል። በቅርቡ ግን ጥያቄው አንድ ዓይነት ሆኗል፤ «ይሄን ልከውልኛል፣ ልክፈተው?» የሚላከው ብዙ ጊዜ ኤፒኬ ነው፣ ማለትም ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚጫን የአንድሮይድ አፕ። አንዴ የሠርግ ጥሪ ይመስላል፣ አንዴ የባንክ «አዲስ አፕዴት»፣ አንዴ የዲቪ ውጤት። እኔ የምፈትሽበትን መንገድ ልንገራችሁ። ግማሹን የተማርኩት ሰው አስከስሬ ነው።

መጀመሪያ የፋይሉን ስም እስከ መጨረሻው አንብቡ። «የሠርግ ጥሪ» ብሎ ጀምሮ ኤፒኬ ብሎ ከጨረሰ ጥሪ አይደለም። ጥሪ ወረቀት «ልጫን ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ አጥፍቶት ቢተኛ ይበቃዋል።

ምንነቱን ማወቅ የፈለገ ደግሞ ፋይሉን ላፕቶፕ ላይ ያውርደው፤ የአንድሮይድ አፕ ዊንዶውስ ላይ እንዲሁ አይነሳም። «ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) ጫኑና እዚያ ውስጥ ሞክሩት» የሚሉትን የዩቲዩብ መምህራን እለፏቸው። የኔ ላፕቶፕ ራሙ 4 ጊጋ ነው፤ ማሽኑ ተነስቶ ሳያልቅ መብራት ይሄዳል። ደግሞ ብዙ ተንኮለኛ አፖች እውነተኛ ስልክ ላይ አለመሆናቸውን ሲያውቁ ጨዋ ሆነው ይቀመጣሉ።

ቀጥሎ የፋይሉን አሻራ አውጡ። ሰቨን ዚፕ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ካላችሁ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ሻ-256 የሚለውን ምረጡ። 64 ፊደልና ቁጥር ይሰጣችኋል። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነገር ብትቀየር አሻራው ሌላ ይሆናል። ያንን ኮፒ አድርጉና ቫይረስቶታል የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ይሄ የጉግል ነው፤ አንድን ፋይል በደርዘን በሚቆጠሩ ጸረ ቫይረሶች ያስፈትሻል። አሻራውን ብቻ መፈለግ ዳታ አይበላም፣ የኛ ሰፈር ኔትወርክም ይችለዋል። ፋይሉን ራሱን የምትልኩት አሻራው ካልተገኘ ብቻ ነው። መታወቂያ፣ ውል፣ የሐኪም ወረቀት ከሆነ ግን ጭራሽ እንዳትልኩ! እዚያ የገባ ፋይል ከፍለው የሚጠቀሙ ተመራማሪዎች እጅ ሊገባ ይችላል።

አሁን ጉድ ወዳደረገኝ ቦታ መጣን። ጎረቤታችን እማማ ከባንክ የመጣ የሚመስል አፕ አሳዩኝ። ፈተሽኩት፤ ውጤቱ ዜሮ፣ አንድም ጸረ ቫይረስ አልከሰሰውም። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ይክፈቱት እማማ» አልኳቸው። በማግስቱ በቴሌግራማቸው ለዘመድ አዝማድ ሁሉ «ልጄ፣ 5 ሺህ ብር ቶሎ ላክልኝ» የሚል መልእክት ተበተነ። የእህታቸው ልጅ ላከ። ከሦስት ቀን በኋላ ያንኑ አሻራ እንደገና ሳስፈትሸው ገጹ ቀይ በቀይ ሆኗል።

ዜሮው ፋይሉ ንጹህ ነው ማለት አልነበረም። ገና ማንም አላወቀውም ማለት ነበር። ጸረ ቫይረስ በአብዛኛው የሚይዘው ቀድሞ ያየውን ወይም ያየውን የሚመስለውን ነው፤ ሌቦቹ ደግሞ ያንኑ አፕ ትንሽ እየነካኩ አዲስ አሻራ ያወጡለታል። ስለዚህ አሁን ቁጥሩን ትቼ «ዝርዝር» በሚለው ክፍል ፋይሉ መጀመሪያ የታየበትን ቀን አያለሁ። ብዙ ሺህ ደንበኛ ያለው ባንክ አፕ ነኝ እያለ መጀመሪያ የታየው ትናንት ማታ ከሆነ፣ ወይም እኔ ራሴ የመጀመሪያው ላኪ ከሆንኩ፣ ዜሮም ቢል አላምነውም። ጥቂት ቀን ጠብቄ ደግሜ አስፈትሻለሁ።

እዚያው ገጽ ላይ የሚጠይቃቸው ፈቃዶች ተዘርዝረዋል። የሠርግ ጥሪ ኤስኤምኤስ ማንበብ ምን ያደርግለታል? ከሁሉ የከፋው አክሰሲቢሊቲ ነው። ለማየት ለተቸገሩ ሰዎች የተሠራ ነገር ነው፣ ግን ስክሪናችሁን አንብቦ በናንተ ፈንታ መንካት ይችላል። ጉግል ይሄን አይቶ ከአንድሮይድ 13 (እ.ኤ.አ. 2022) ጀምሮ ከውጭ ለተጫኑ አፖች ይህን ፈቃድ በቀላሉ እንዳይሰጥ አድርጎታል። ሌቦቹም አልተኙም፣ ስልክ ደውለው «ሴቲንግ ግቡ፣ ይሄን ፍቀዱ» እያሉ ይመራሉ። እንዲህ የሚመራችሁ ሰው ካለ ስልኩን ጆሮው ላይ ዝጉበት።

አንድ ነገር ልጨምር። «አፕዴት» የተባለው ፋይል በስህተት ተነክቶ «ላድስ?» በማለት ፈንታ «ልጫን?» ካለ ሰርዙ። አንድሮይድ የአንድን አፕ ማሻሻያ የሚቀበለው የሠሪው ዲጂታል ፊርማ ከመጀመሪያው ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። ኦሪጅናሉ ስልካችሁ ላይ እያለ እንደ አዲስ ልጫን የሚል የእሱ ማሻሻያ ሳይሆን ሌላ አፕ ነው።

ተጭኖ ካገኛችሁት መጀመሪያ ዳታና ዋይፋይ ዝጉ፣ አፑን አጥፉ። አልጠፋም ካለ በሴፍ ሞድ (ስልኩ በኋላ የተጫኑ አፖችን ሳያስነሳ የሚከፈትበት መንገድ) ሞክሩ። በሌላ ስልክ ባንካችሁ ጋ ደውሉ። አፑ ከጠፋ በኋላ ዳታውን መልሳችሁ ክፈቱና ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» ገብታችሁ የማታውቁትን ሁሉ አስወጡ፣ ዛሬውኑ። አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነባሩን ማስወጣት አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌባው እናንተን ሊያስወጣችሁ ይችላል። ከዚያ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል አብሩ። እማማ የይለፍ ቃላቸውን ደብተር ላይ ጽፈው ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ወረቀት ላይ አይጻፍም የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን ሣጥኑ ድረስ የሚመጣ ሌባ እስካሁን አላየሁም።