ከሐውልቱ ስም ወደ ሰዎቹ፦ የመንደር አርበኞችን ታሪክ እንዴት እንደምሰበስብ

መንዝ ውስጥ፣ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ፣ ከእኔ ቁመት ጥቂት የሚበልጥ የጥርብ ድንጋይ ሐውልት ቆሟል። ከላይ «በማይጨው ለወደቁ ጀግኖቻችን» ይላል፤ ከሥሩ 31 ስም ተቀርጿል። ሰባተኛው አያቴ ናቸው። ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ በየቀኑ በአጠገቡ ሳልፍ ስሞቹን በቃሌ ይዣቸው ነበር፤ ስለ ሰዎቹ ግን ከአያቴ በስተቀር የማውቀው አልነበረም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ መሰብሰብ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ከሞጃም ከጣርማ በርም «እኛስ ከየት እንጀምር?» የሚሉኝ ስለበዙ አሠራሬን ልጻፈው።

ከጦርነቱ አትጀምሩ፤ ከስሙ ጀምሩ። ሽማግሌ ዘንድ ሄዳችሁ «ስለ አምስቱ ዓመት ይንገሩኝ» ብትሉ ስለ ራስ አበበ አረጋይ ይነግሯችኋል፤ ወደ አዲስ አበባ ይገሰግስ የነበረውን ጠላት ጫጫ ላይ ስለ ገጠሙት ስለ ኃይለ ማርያም ማሞ ይነግሯችኋል። እሰየው፤ ይህ ግን ተጽፏል። ያልተጻፈው በሐውልታችሁ አሥራ ዘጠነኛ መስመር ላይ ያለው ሰው ነው። «እገሌ የማን ልጅ ነበር? ቤቱስ የት ነበር?» ብላችሁ ስትጠይቁ ሽማግሌው ቀና ብለው ያዩአችኋል፤ ወሬውም ሌላ ይሆናል።

ድንጋዩን ለማንበብ ብርሃን ከጎን መምታት አለበት። ፊት ለፊት የሚያርፍ ብርሃን ጥላ ስለማይሰጥ ያረጀ ፊደል ሜዳ ሆኖ ይታያል። የእኛው ሐውልት ፊቱን ወደ ሰሜን ስላዞረ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ጥላ ውስጥ ነው። ስለዚህ የግድግዳ መስታወት ይዤ ሄድኩ። ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ ልጅ ከድንጋዩ ጎን ቆሞ የጠዋቱን ፀሐይ በመስታወቱ ተቀበለና በጽሑፉ ላይ አግድም ለቀቀው። አሥራ ዘጠነኛው መስመር ላይ ዕድሜዬን ሙሉ «ወልደ» እያልን የምናነበው ስም አለ፤ ቀጣዩ ቃል ተቆርሶ ወድቋል። ብርሃኑ ሲያልፍበት ሦስተኛው ፊደል እግር የሌለው፣ እንደ መስቀል የተሻገረ ሆኖ ጎላ። ደ አልነበረም፤ ተ ነው። ወለተ። ልጁን መስታወቱን እንዳያንቀሳቅስ ነግሬው ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ወለተ አለ። ከሠላሳ አንዱ ስም አንዱ የሴት ነበር፤ እኛም ወንድ አድርገናት ኖረናል።

በሽቦ ብሩሽ አትፈግፍጉ፤ የድንጋይ ሽበት፣ ማለትም ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ የሚያድገውን ቅርፊት፣ ብትፍቁ ከሥሩ ያለው ፊደል አብሮ ይነሣል። አቧራውን በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ ይበቃል። ያውም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አይሁን፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ ሌሊት በረዶ ሲሆን እየሰፋ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ፊደሎቹን በቀለም መሙላትን አጥብቄ እቃወማለሁ። እኛ ዘንድ ለሚያዝያ 27 በዓል ተብሎ አንድ ጊዜ ተቀብቶ፣ ቀቢው እንደመሰለው ስለሞላው ሁለት ስም ተለወጠ። ቤተሰቦቹ በዓሉ ላይ ቆመው የአባታቸውን ስም ፈልገው አጡ። በክፋት የተደረገ አልነበረም፤ ጉዳቱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ስም በደብተር አንድ ገጽ ስጡት። የዓለም ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደነገራችሁ ይጻፍ። የክርስትና ስም የግድ ነው፤ ዝርዝሩን ለቀራጩ የሰጡት ካህን ከሆኑ ስሙን ከፍትሐት ሊያወጡት ይችላሉ። ያቺ ወለተ እንዲያ ሆና ነው ማንም ያላወቃት። የፈረስ ስምም እንዲሁ ነው። ምኒልክን «አባ ዳኘው» ብሎ ብቻ የቀረጸ ሰው ቢኖር የማያውቅ አንባቢ ሌላ ሰው ይመስለዋል። በእኛ ሐውልት አንድ አርበኛ በስሙም በፈረስ ስሙም ሁለት ጊዜ ተቀርጿል። እንግዲህ ሰዎቹ 30 ናቸው።

ዘመን ስትጠይቁ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበሉ፤ መልሱ ግምት ይሆናል። በዓሉንና ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደነበር ጠይቁ። ስለዚያች ወለተ ያወቁልኝ በደጀ ሰላም የሚኖሩ አንዲት መነኩሲት ናቸው፤ ከእናታቸው የሰሙትን ነገሩኝ።

«እማሆይ፣ መቼ ነበር?» አልኳቸው።

«ዘመኑ ሉቃስ ነው ልጄ። ፋሲካ ነበር። እናቴ ያን ዕለት ዶሮም አላረደች፣ እሳትም አላነደደች።»

ይህ ቃል ከማንኛውም ሰነድ አይተናነስም። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። በጠላት ዘመን 1928ና 1932 ዮሐንስ፣ 1929ና 1933 ማቴዎስ ነበሩ። ማርቆስ 1930 ብቻ፣ ሉቃስም 1931 ብቻ ነው። ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የበዓላት ስሌት፣ የሚያውቁት መሪጌታችን የ1931ን ፋሲካ አወጡልኝ፤ ሚያዝያ 1 ቀን ዋለ። በዚያው ሰሞን ጣሊያኖች ዘረት ላይ «አመፀኛ ዋሻ» የሚባል ዋሻ የገቡትን ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ከአርበኞቹ ጋር ከበው በመርዝ ጋዝ ፈጅተዋል፤ እጃቸውን የሰጡትን ረሽነዋል። እማሆይ «ለቁስለኞቹ እህል ይዛ ገብታ አልወጣችም» ያሉት ይህንን ነው። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ነው፤ ዘመነ ዮሐንስ። የሐውልቱ ርእስ እሷን አይመለከታትም ማለት ነው።

አንድ ምስክር ግን አንድ ምስክር ነው። ሁለተኛ እስካገኝ ድረስ ደብተሬ ላይ «እማሆይ እንዳሉት» ብዬ ብቻ አቆየሁት። ከስምንት ወር በኋላ ከገደሉ ማዶ የሚኖሩ የእህቷ የልጅ ልጆች እኔ ሳልነግራቸው ዋሻውንም ፋሲካውንም ጠሩልኝ፤ እህሉን ግን ውኃ አሉት። ሁለቱንም ጻፍኩ። ልዩነቱን ለማስታረቅ አትድከሙ፤ እንደተነገራችሁ አስቀምጡት።

በሐውልቱ ላይ የሌሉትንም ጠይቁ። ጠመንጃ ያልያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ስንቅና መረጃ ያቀብሉ የነበሩ የውስጥ አርበኞች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ እንዲህ ቀርተዋል። «ለትምህርት ደብረ ሊባኖስ ሄዶ የቀረ አለ?» ብላችሁም ጠይቁ። በግንቦት 1929 ግራዚያኒ ራሱ በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትን ማስረሸኑን አሳውቋል፤ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት ደብረ ብርሃን አጠገብ ተረሽነዋል። ከየመንደሩ ለድጓና ለቅዳሴ የተላኩ ልጆች ነበሩ።

ባንዳ ነበር የሚባል ሰው ስም ሲነሳ አድምጡ፤ በአንድ ሰው ቃል ግን ለሕዝብ አታውጡ። የልጅ ልጆቹ ዛሬም ጎረቤቶቻችሁ ናቸው።

ሜዳልያና የምስክር ወረቀት ያለው ቤተሰብ ካለ እዚያው ቤቱ ፎቶ አንሥታችሁ መልሱለት፤ ተውሳችሁ አትውሰዱ። ከዚያ በኋላ ነው አዲስ አበባ ወርዳችሁ አርበኞች ማኅበርና ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) መጠየቅ የሚጠቅማችሁ፤ ስም ሳይያዝ የተሄደ መንገድ ባዶ እጅ ይመልሳል።

የቀድሞውን ሐውልት አትነካኩት፤ ስህተቱም የዘመኑ ቃል ነው። እርማቱ ከጎኑ በሌላ ድንጋይ ይቁም። የእኛው ጥቁር ድንጋይ ተጠርቦ አልቋል፤ ርእሱ «ለማይጨው ዘማቾችና ለአምስቱ ዓመት አርበኞች» ይላል። የወለተ የዓለም ስሟ ቤተሰቦቿ ከተስማሙበት በኋላ ይቀረጻል። ባለፈው የትንሣኤ ማግስት ቄሳችን የክርስትና ስሟን ጠርተው ፍትሐት አደረሱላት፤ እማሆይም በምርኩዛቸው እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙ። አሁን የምፈልገው የሃያ አራተኛውን መስመር ሰው ነው፤ አባቱ ከኢፋት መጥቶ እኛ ዘንድ ያገባ ነው ይላሉ።