ቀላልና ናፍጣ ቆጣቢ መኪና በግቢ ውስጥ እንዴት ይሠራል?

መኪና ልሠራ ስነሳ መጀመሪያ የገዛሁት የብየዳ ማሽን ነበር። መግዛት የነበረብኝ ግን ሚዛን ነው። ይህ የገባኝ የመጀመሪያውን ሻንሲ፣ ማለትም ሁሉን የሚሸከመውን የብረት አጽም፣ ቆራርጬ ከጣልኩ በኋላ ነው። ሱሉልታ፣ ቤታችን ጓሮ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እናንተ ባነሰ ጊዜ እንድትጨርሱ የደከምኩበትን ልንገራችሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ። ታርጋ የሌለው መኪና አስፋልት ላይ አይወጣም። ብረት ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሂዱና በእጅ ለተሠራ መኪና ምን እንደሚጠይቁ ጠይቁ። እኔ መጨረሻ ላይ ስለሄድኩ የመብራቶቹንና የቀበቶ ማሰሪያውን ቦታ እንደገና መሥራት ግድ ሆኖብኛል።

1. መጀመሪያ ክብደቱን ደብተር ላይ ጨርሱ

አንድ ደብተር ያዙ። ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ወንበር፣ መስታወት፣ ባትሪ፣ ሁሉም እየተመዘነ ይጻፍ። እኔ የጎረቤታችንን የእህል ነጋዴ ሚዛን እየተዋስኩ ነው የመዘንኩት። ግቤ ባዶው መኪና ከ550 ኪሎ እንዳይበልጥ ነበር።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለ። ከተማ ውስጥ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር መኪናውን ለማስነሳት ያቃጠላችሁት ናፍጣ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ ስትመጡ ደግሞ የእንጦጦን ዳገት የምትወጡት ያን ሁሉ ብረት ተሸክማችሁ ነው። ከነሁለት ሰው 750 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሜዳ ላይ በሰዓት 80 ኪ.ሜ ለመሄድ የሚያስፈልገው 8 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። በመቶ ሜትር 8 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ በ40 ኪ.ሜ ለመሄድ 11 ወይም 12 ይበቃዋል። ክብደቱ እጥፍ ከሆነ ዳገቱ የሚጠይቀውም እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

2. ሞተር

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ስለዚህ ካታሎግ ላይ የተጻፈውን ጉልበት ሩቡን ቀንሳችሁ አስቡት። ቱርቦ ያለው ካገኛችሁ እሰየው።

የውኃ መሳቢያ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር እንዳታስቡ። ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል። ግን 12 ፈረስ ጉልበት ለሚሰጠው ሞተር ከ130 ኪሎ በላይ ትሸከማላችሁ። ንዝረቱ ደግሞ ብየዳ ይሰነጥቃል።

የሚሻለው ከተጋጨ ትንሽ መኪና የወጣ ባለ 3 ወይም ባለ 4 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። ፎልክስዋገን በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሉፖ 3ኤል ባለ 3 ሲሊንደር 1.2 ሊትር ሞተር ይዞ በ100 ኪ.ሜ 3 ሊትር ያህል ብቻ ይጠጣ ነበር። ክብደቱ 830 ኪሎ ገደማ ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ የአሮጌ መኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ፣ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሼ የአሮጌ ስታርሌት 1453 ሲሲ ሞተር አገኘሁ። ለዚህ መኪና ይበዛል፣ 1000 ሲሲ ቢገኝ ይበቃ ነበር። ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓው ሜካኒካል፣ ማለትም ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ፣ መሆኑን ግን ወድጄዋለሁ። ኮምፒውተር ያለውን ከመረጣችሁ ኮምፒውተሩን፣ ሽቦውን በሙሉና ቁልፉን አብራችሁ ግዙ።

ካምቢዮውንና ሰሚያሴዎቹን፣ ማለትም ከካምቢዮው ወደ ጎማ ጉልበት የሚያደርሱትን ዘንጎች፣ ከዚያው መኪና ውሰዱ። የአንዱን ሞተር ከሌላው ካምቢዮ ጋር ማጋባት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይነሳ። አስነስታችሁ የዘይት ክዳኑን ክፈቱት። ጭስ እየገፋ ከወጣ ሲሊንደሩ አልቋልና ተዉት።

3. ሻንሲ

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ብዙ የከሰርኩት እዚህ ነው።

የተጠቀምኩት 40 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት፣ ነው። ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነው በሜትር 2.4 ኪሎ ገደማ፣ 1.5 ሚሊው 1.8 ኪሎ ይመዝናል። ለ40 ሜትር ልዩነቱ 23 ኪሎ ነው። ስለዚህ ሞተር፣ መሪና እግሮቹ (ጎማዎቹን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት) በሚታሰሩበት 2 ሚሊ፣ ሌላው ቦታ 1.5 ሚሊ አድርጉ። ውፍረት መለኪያ ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ። እኔ አንድ ጊዜ በ1.5 ሚሊ ዋጋ የገዛሁት ቤት ወስጄ ብለካው 1.2 ሆኖ ተገኝቷል።

አሁን ወደ ስህተቴ። መብራት ሲጠፋ ሰንብቶ አንድ ማታ መጣ። ተመልሶ ከመሄዱ በፊት ልጨርስ ብዬ የግራውን ጎን ከፊት እስከ ኋላ በአንድ ትንፋሽ በየድኩት። ጠዋት ከፊት ግራ ጥግ እስከ ኋላ ቀኝ ጥግ ለካሁ። ቀጥሎ በተቃራኒው ለካሁ። ሁለቱ እኩል መሆን ነበረባቸው። የ11 ሚሊ ልዩነት አላቸው። «ምን ይላል» ብዬ ቀጠልኩበት። እግሮቹን ገጠምኩ፣ ሞተሩን ጫንኩ። ግቢ ውስጥና የዘመዳችን የግጦሽ ሜዳ ላይ ስነዳው መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ግን ወደ ቀኝ የዞረ ነበር። የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ተከትለው አይሄዱም፣ ወደ ጎን ይጎተታሉ። በጥቂት ሳምንት የአዲሱ ጎማ የውስጥ ጠርዝ በእጄ ስዳስሰው እንደ ሞረድ ሻክሯል። የሚጎተት ጎማ ደግሞ ናፍጣ ይበላል። ያ ሁሉ የክብደት ቁጠባ በ11 ሚሊ ሄደ።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ በር ሲበይዱ የኖሩ ጋሼ አሉ። አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው በአንድ ዓይናቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩትና «ልጄ፣ ብረት ሲሞቅ ይሸሻል፣ ሲቀዘቅዝ ይጎትታል። አንተ በአንድ በኩል ብቻ አስጎተትከው» አሉኝ። ሁለተኛውን ሻንሲ እሳቸው ባሳዩኝ መንገድ ሠራሁት።

መጀመሪያ ውኃ ልኩ ትክክል የሆነ ወፍራም የብረት ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ቱቦላሬውን እዚያ ላይ በክላምፕ እሰሩት። ሁሉንም መገጣጠሚያ በትንንሽ ነጥብ ብቻ ያዙ፣ ሙሉ ብየዳ አትጀምሩ። መሐል ለመሐል ክር ወጥሩና ከጥግ እስከ ጥግ ለኩ። ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ከበለጠ ነጥቡን በግራይንደር ቆርጣችሁ አስተካክሉ። በዚህ ደረጃ እርማቱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ 3 ሳንቲም ያህል በየዱና ወደ ተቃራኒው ጥግ ሂዱ። ከላይ ከበየዳችሁ ቀጥሎ ከታች። በእጅ መንካት እስኪቻል አንድ ቦታ ላይ አትመለሱ። ውኃ ደፍቶ ማቀዝቀዝ ክልክል ነው። ለ1.5 ሚሊ ብረት ቀጭን ኤሌክትሮድና ዝቅተኛ አምፔር ተጠቀሙ፣ አለበለዚያ ይበሳል። ክሩን እስከ መጨረሻው አትፍቱት።

ይህ ዘጠኝ ቀን ወሰደብኝ። የመጀመሪያው አንድ ሌሊት ነበር የፈጀው።

4 እና 5. ፍሬን፣ መሪ፣ እግር

እነዚህን ከራሳችሁ አትፍጠሩ። ሞተሩን ካወጣችሁበት መኪና እንዳሉ ውሰዱ። የፍሬኑን የላስቲክ ማሸጊያዎችና ቱቦዎች በአዲስ ቀይሩ። የመሪ ዘንግ በምንም ተአምር አይበየድም። ካጠረ ሌላ ይፈለግ። ቀጫጭን ጎማ ገጥማችሁ ንፋሱን ለጎማው በሚፈቀደው ልክ ሙሉ አድርጉ።

6. አካል

የ1 ሚሊ የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 8 ኪሎ፣ አሉሚኒየም ግን 2.7 ኪሎ ነው። እኔ በሪቬት የተያያዘ አሉሚኒየም አልብሼዋለሁ። ፊቱን ክብ፣ ኋላውን ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ አድርጉት። ሆዱንም በጠፍጣፋ ነገር ሸፍኑ፣ ሥሩ የተንጠለጠለው ሁሉ ነፋስ ይይዛል። ለማርሚታው፣ ለጭስ ማውጫው፣ ክፍተት ተዉለት፣ ይሞቃል።

7. ፖምፓውን ለዚህ አየር ማስተካከል

ሜካኒካል ፖምፓ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። የቆላውን ያህል ናፍጣ ይረጫል። የተረፈው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ያ ጭስ የከፈላችሁበት ናፍጣ ነው። ሙሉ ነዳጅ የሚወስነውን ብሎን ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያላላችሁ፣ ዳገት ላይ ጭሱ ስስ እስኪሆን ቀንሱ። ፖምፓ የሚያውቅ መካኒክ አብሯችሁ ቢሆን ይሻላል። ካንዴሌታዎቹን፣ ማለትም ሲሊንደሩን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቁትን፣ አንድ በአንድ ፈትሹ። የሱሉልታ የኅዳር ጠዋት አንዱ እንኳ ከተቃጠለ አያስነሳችሁም።

8. መለካት

የታርጋው ፈቃድ ተጠናቆ ሲሰጠኝ ከማደያ ናፍጣ እስከ አፉ ሞልቼ ወደ ጫንጮ አቅጣጫ ወጣሁና ተመለስኩ። ያው ማደያ፣ ያው መቅጃ፣ እንደገና እስከ አፉ። በሊትር 26 ኪ.ሜ ሄዷል። አንድ ጊዜ ለክታችሁ አትመኑ፣ አምስት ጊዜ ለኩና አማካዩን ደብተሩ ላይ ጻፉት።

ከመጀመሪያው 50 ኪ.ሜ በኋላ የጎማ ብሎኖችን እንደገና አጥብቁ። ከ500 ኪ.ሜ በኋላ መኪናውን ክሪክ ላይ አውጡት፣ ክሩን እንደገና ዘርጉና ከጥግ እስከ ጥግ ለኩ።