ጠባሳ ጥሎ የሚሄድ የፀጉር መርገፍ እንዴት ይታከማል

መጀመሪያ ላሽ ይሁን ሌላ ለዩት። ላሽ ሥሩን ስለማይገድለው ፀጉሩ ሊመለስ ይችላል፣ ጠባሳ የሚጥለው ግን ሥሩን ራሱን ነው የሚጨርሰው፣ ስለዚህ ህክምናው የቀረውን ለማትረፍ ነው እንጂ የሄደውን ለማብቀል አይደለም። መስኮት ጋ ሆናችሁ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩ፤ ፀጉር የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ጠፍተው ቆዳው ልስልስ ብሎ ካብለጨለጨ፣ ዳር ዳሩ ደግሞ ከቀላ (በኛ ቆዳ ጠቆር ብሎም ይታያል)፣ ከተቀረፈ ወይ ካቃጠለ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ሹሩባውን ፍቱ፣ ቅቤውን ታጠቡና የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። እንደኛ ሰሜን ሸዋ ላላችሁ፣ ደብረ ብርሃን ካልተገኘ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ህክምና አለ።

አሁን ዋናው፣ ናሙናው (ባዮፕሲ)። በማደንዘዣ 4 ሚሊ ሜትር የምታክል ቆዳ ትወሰዳለች፣ ስፌቷም ትንሽ ናት፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ቁም ነገሩ ከየት ተወሰደ ነው። የእህቴ መጀመሪያ ከመሀል ከመላጣው ተወሰደና ውጤቱ "ጠባሳ" ብቻ ብሎ መጣ፣ እሱንማ በዓይናችንም አይተነው ነበር! በሽታው ያለው ዳሩ ላይ ነው፣ ፀጉር ገና ባለበትና በሚያሳክከው ቦታ፣ ስለዚህ "ዶክተር፣ ከዳሩ ቢወሰድልኝ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁለት ናሙና ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ከዛ በፊት ከፋርማሲ የስቴሮይድ ቅባት ገዝታችሁ ስትቀቡ ከሰነበታችሁ ንገሯቸው፣ ምልክቱን ይደብቃል።

መድኃኒቱ እንደ ውጤቱ ነው። ላይከን ፕላኖፒላሪስ ወይ ዲስኮይድ ሉፐስ የሚባሉት (ሁለቱም የፀጉሩን ሥር የሚያቆስሉ በሽታዎች ናቸው) ከሆነ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት፣ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ እዛው ራስ ቆዳ ላይ የሚወጋ ስቴሮይድ፣ አንዳንዴም ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይታዘዛል፣ ለዚህኛው ዓይናችሁን ተመርመሩ። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከተሰጣችሁ በብዙ ውሃ ዋጡና ወዲያው አትተኙ፣ እርጉዝ ከሆናችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ተናገሩ። መግል የሚይዘው ዓይነት ሌላ አንቲባዮቲክ አለው።

ልጅ ላይ ያበጠ ቆረቆር ካያችሁ አታፍርጡት፣ እሱም ጠባሳ ይጥላል። የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት ነው የሚያድነው፣ ቅባት ብቻውን ሥሩ ጋ አይደርስም።

ሉፐስ ያለበት ሰው ራሱን ከፀሐይ ይሸፍን፣ የመንዝን ብርድ አይቶ ፀሐዩን የሚንቅ ብዙ ነው። ጥብቅ ሹሩባና ዊግ ለሁሉም ይቅር። ሚኖክሲዲል (ፀጉር ማሳደጊያ ተብሎ የሚሸጠው) የተረፈውን ፀጉር ያግዛል እንጂ በሽታውን አያቆምም፣ ብቻውን ባትገዙት ደስ ይለኛል።

በየወሩ በዛው ብርሃን ዳሩን ፎቶ አንሱ፣ መስፋቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። ፀጉር ንቅለ ተከላ የሚታሰበው በሽታው ቢያንስ አንድ ሁለት ዓመት ፀጥ ካለ በኋላ ነው፣ ያለዚያ የተተከለውንም ይበላዋል፣ "ዛሬውኑ እንትከልልዎ" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።