አየርላንድን ለመጎብኘት ስትነሱ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ባለፈው ሰኔ ከዋሽንግተን አንዲት እህት ደወለችልኝና የጉዞ ዕቅዷን ላከችልኝ። ያላት አምስት ቀን ነው። ደብሊን፣ ቤልፋስት፣ ዶኒጎል፣ ጎልዌይ፣ ዲንግል፣ ኮርክ፣ ከዚያ ተመልሶ ደብሊን። አንብቤ ስጨርስ መልሼ ደወልኩ። "እህቴ፣ በዚህ ዓይነት የምታዪው አስፋልት ብቻ ነው" አልኳት። ቅር አላት። ከሦስት ሰዎች ተመሳሳይ ዕቅድ የተቀበልኩበት ወር ስለነበር ድምፄ ሳይሻክር አልቀረም። ይሄን ለመጻፍ የወሰንኩትም ያን ቀን ነው።

የምኖረው ጎልዌይ ነው። በአነስተኛ ሚኒባስ እንግዳ አመላልሳለሁ። ከእንግዶቼ ብዙዎቹ ከአሜሪካ፣ ከጀርመን፣ ከእስራኤል፣ ከዱባይና ከአዲስ አበባ የሚመጡ የአገሬ ሰዎች ናቸው።

ካርታ አይቶ "ትንሽ አገር ናት" ማለት

ደሴቲቱ በሙሉ 84 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ አሥራ ሦስት ጊዜ ትገባለች። ይሄን የሰማ ሁሉ "ታዲያ በሦስት ቀን አንዞራትም?" ይለኛል። አትዞሯትም! ሰውን የሚያሳስተው የመጀመሪያው መንገድ ነው። ከደብሊን ጎልዌይ 200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ሰፊ አውራ ጎዳና ስለሆነ በሁለት ሰዓት ተኩል ትደርሳላችሁ። "አየህ፣ ቅርብ ነው" ትሉኛላችሁ። ከጎልዌይ ወደ ምዕራብ ስትወጡ ግን መንገዱ ሌላ ነው። በግራና በቀኝ የድንጋይ ካብ፣ መሐሉ ላይ ሣር የበቀለበት፣ ሁለት መኪና ሲገናኝ አንዱ ወደ ኋላ ተመልሶ ሰፋ ያለ ቦታ የሚፈልግበት መንገድ ነው። በጎች ተኝተውበት ታገኛላችሁ። ትራክተር ከፊታችሁ ሲገባ ደግሞ እሱ እስኪታጠፍ ትከተሉታላችሁ እንጂ አታልፉትም። የገጠር ትንንሽ መንገዶች የፍጥነት ወሰን እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ከ80 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ወርዷል፣ ብዙዎቹ ላይ ግን 60ም አይነዳም።

የኬሪ ቀለበት የሚባለው መንገድ 179 ኪሎ ሜትር ነው። ስልካችሁ ሦስት ሰዓት ተኩል ይላል። ስልኩ ግን ባሕሩን ባያችሁ ቁጥር እንደምትቆሙ፣ ልጆች ሽንት ቤት እንደሚሉ፣ ትልልቆቹ አውቶቡሶች ጠባቡን ኩርባ ሲይዙ እንደምትጠብቁ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ስጡት። የአትላንቲክ የባሕር ዳርቻ መንገድ ደግሞ ከደቡብ ኪንሴል እስከ ሰሜን ዶኒጎል 2,500 ኪሎ ሜትር ነው። "በሁለት ቀን እንጨርሰው" ያለኝ ሰው አለ። መሪውን ይዞ ቀን ከሌት ቢነዳ እንኳ አይጨርሰውም።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ግን ከደብሊን ተነስቶ በምዕራቡ ባሕር ዳርቻ ያለውን የሞኸርን ገደል አይቶ በዚያው ቀን ደብሊን መመለስ ነው። መሄጃው ከሦስት ሰዓት በላይ፣ መመለሻውም እንደዚያው። አንዲት እናት ከልጆቻቸው ጋር እንዲህ አድርገው በማግስቱ እኔ ጋ ሲመጡ ስለ ገደሉ ጠየቅኳቸው። ትዝ ያላቸው የአውቶቡሱ ወንበር ጀርባ ነበር። ጎልዌይ ወይም ክሌር ውስጥ ሁለት ሌሊት ቢያድሩ ኖሮ ገደሉን ከእንቅልፍ ተነስተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ያዩት ነበር። አምስት ቀን ያለው ሰው አንድ ወገን ይምረጥ፣ ከሁለት ቦታ በላይም አይደር። ጎልዌይ ያደረ ኮኔማራን፣ በረንን፣ የሞኸርን ገደልና የአራን ደሴቶችን ያያል። ኪላርኒ ያደረ ኬሪንና ዲንግልን ያያል። ሁለቱንም የሚፈልግ አሥር ቀን ይዞ ይምጣ። በየቀኑ ሻንጣ ማሰር ዕረፍት አይደለም።

የሸንገን ቪዛ ያስገባል ብሎ መምጣት

አያስገባም። አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት፣ ሸንገን ውስጥ ግን የለችም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረው፣ አሜሪካም ግሪን ካርድ ቢኖረው የአየርላንድን ቪዛ ለብቻው ማውጣት አለበት። ልጆች የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘው እናትየው የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙበት ቤተሰብ ብዙ ነው። የልጆቹ ቀላል ስለሚሆን የእናትየው የሚታወሰው በመጨረሻው ሳምንት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ቤልፋስት ነው። ሰሜን አየርላንድ የእንግሊዝ መንግሥት ግዛት ናት። መንገዱ ላይ ኬላ ስለሌለ ድንበር መሻገራችሁን የምታውቁት የፍጥነት ምልክቱ ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲቀየር ብቻ ነው። ኬላ የለም ማለት ግን ሕግ የለም ማለት አይደለም። የአየርላንድ ቪዛ ቤልፋስት አያስገባም። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ይዛችሁ ለጉብኝት የምትሻገሩም በስልክ የሚሞላውን የእንግሊዝ የጉዞ ፈቃድ አስቀድማችሁ ማውጣት አለባችሁ። አንድ ጊዜ ይሄን ሳልጠይቅ አንድ ቤተሰብ ጫንኩ። ሰሜን አየርላንድ ባሕር ዳር ያሉትን የድንጋይ ዓምዶች፣ ጃያንትስ ኮዝዌይን ሊያዩ ሆቴል ከፍለዋል። የአያትየው ፓስፖርት የኢትዮጵያ መሆኑን የሰማሁት ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ወደ ኋላ ተመለስን፣ የሆቴሉም ገንዘብ ቀረ። ጥፋቱ የእኔም ነበር። አሁን ስልክ ሲደወልልኝ ከስም ቀጥሎ የምጠይቀው ፓስፖርት ነው።

"ክረምት ላይ እመጣለሁ"

ይሄ የእኛ ብቻ ችግር ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ክረምት ሲል ሐምሌና ነሐሴን ነው። ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ የኖረ ሰው ክረምት ሲል ታኅሣሥንና ጥርን ነው። እዚህ ሐምሌ ከዓመቱ ሞቃት ወራት አንዱ ነው፣ ሙቀቱም ብዙ ጊዜ ከ20 ዲግሪ አያልፍም። በሰኔ መጨረሻ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ ብርሃን ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ጨለማ ይወርዳል፣ ስለዚህ በቀን አንድ ቦታ ብታዩ ጥሩ ነው። የወሩን ስም በፈረንጅ አቆጣጠር ንገሩኝ። ከአሜሪካ የምትመጡ ደግሞ ቀኑን በፊደል ጻፉ፣ እዚህ 07/08 ማለት ኦገስት 7 ነው።

ዝናቡም እንደ አገራችን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወርዶ የሚያባራ አይደለም። ካፊያ ነው፣ ሲሄድ ሲመጣ የሚውል። ጃንጥላ አታምጡ፣ የአትላንቲክ ነፋስ በአንድ ቀን ይገለብጠዋል። ኮፍያ ያለው ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና ውኃ የማያስገባ ጫማ ይበቃል።

እናቴን በኅዳር ወር ሞኸር ወስጃታለሁ። 214 ሜትር ወደ ባሕሩ የሚወርደውን ገደል ላሳያት ከመጣች ጀምሮ ጓጉቻለሁ። ጠዋት ስንነሳ ጉም ነበር። ቀኑን መቀየር እችል ነበር፣ ግን ትኬቱን ቆርጬ ስለነበር ብቻ ሄድን። አጥሩ ጋ ቆመን ያየነው ነጭ ነገር ብቻ ነው። ከታች የሞገዱ ድምፅ ይሰማል። "ደግ ነው ልጄ፣ ሰማሁት" አለችኝ። ሁለተኛ ሳትመጣ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም እንግዳ ምንም ያልተያዘበት አንድ ባዶ ቀን ሳላስቀምጥ ዕቅድ አልሠራም። ጉም ከሆነ ይቀየራል።

ገደል ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከአጥሩ አልፋችሁ ለፎቶ ወደ ጠርዙ አትጠጉ። ሣሩ ላይ ስትቆሙ ሙሉ መሬት ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ባሕርና ነፋስ የቦረቦረው ሊሆን ይችላል። ሰው ሞቶበታል።

ሰዓት

የአራን ደሴቶች ጀልባ ከሮሳቪል በጠዋት ይነሳል። ለአንድ ከጀርመን ለመጣ ቤተሰብ በስልክ "4 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባው ጋ ሁኑ" አልኩ። አባትየው በትክክል ተረዱኝ። ስልኩን የያዘው ግን እዚያ ተወልዶ ያደገው ልጃቸው ነበርና 16:30 ብሎ መዘገበው። ጋሼ ልጁን አምነው ቁርሳቸውን ረጋ ብለው በሉ። ጀልባው ሄደ፣ ደሴቱን ሳያዩ ተመለሱ። አሁን ሁልጊዜ "ጠዋት 4 ተኩል፣ በስልካችሁ 10:30" እላለሁ። በቤተሰብ ውስጥ ስትነጋገሩም እንዲሁ አድርጉ።

መኪና መከራየት

እዚህ የሚነዳው በግራ ነው። አደባባይ ላይ ቅድሚያ ከቀኝ ለሚመጣው ነው። ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ የሚዘነጋው ግን መኪናው ራሱ ወደ ግራ እንደሚሰፋ ነው። በቀኝ ወንበር ተቀምጣችሁ የግራውን ወገን ስለማትለኩት ስፖኪዮውና ጎማው ካብ ይልሳል። ለመጀመሪያው ቀን ከደብሊን አትነሱ፣ ከሌሊት በረራ ወርዳችሁም ወዲያው አትንዱ። አውቶማቲክ የምትፈልጉ አስቀድማችሁ በግልጽ ጠይቁ፣ ካላላችሁ ማኑዋል ካምቢዮ ነው የሚሰጣችሁ፣ ማርሹንም የምትቀይሩት በግራ እጃችሁ ነው።

ከአሜሪካ የምትመጡ፣ ማደያ ላይ ቆም በሉ። እናንተ ጋ አረንጓዴው እጀታ ናፍጣ ነው፣ እዚህ አረንጓዴው ቤንዚን፣ ጥቁሩ ናፍጣ ነው። ቀለም አትዩ፣ ጽሑፍ አንብቡ። በዚህ ምክንያት መንገድ ዳር የቆመ መኪና ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ደብሊንን የሚዞረው ኤም 50 ላይ የክፍያ በር የለም፣ ካሜራ ነው ታርጋውን የሚያነሳው። እስከ ማግስቱ ምሽት 2 ሰዓት፣ በስልካችሁ 20:00 ማለት ነው፣ መክፈል አለባችሁ። አከራዩ ይክፈልላችሁ አይክፈልላችሁ ቁልፉን ስትቀበሉ ጠይቁ።

ጾመኛ ሆኖ ሳይጠይቁ መብላት

የአየርላንድ ቁርስ ሲመጣ ሳህኑ ላይ ክብና ጥቁር ነገር ታያላችሁ፣ ስሙ ብላክ ፑዲንግ ነው። ፑዲንግ ስለተባለ ጣፋጭ አይደለም። የአሳማ ደም ከአጃ ጋር ተደርጎ የሚሠራ ነው። አንዲት እናት ግማሹን ከበሉ በኋላ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እንዴት እንደምነግራቸው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ፣ ዝምታዬ ነገራቸው። ያን ቀን ሌላ ምግብ አልቀመሱም። ቤከኑም ቋሊማውም አሳማ ነው፣ ስታዝዙ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ፍልሰታ የሚውለው ከኦገስት 7 እስከ 21፣ እንግዳ በሚበዛበት ወቅት ነው። "ሥጋ አልበላም" ማለት አይበቃም፣ ሾርባው ክሬም አለበት፣ ቡናማው ዳቦ የሚለወሰው በአሬራ ነው። "ቪጋን" በሉ፣ ሁሉም ይረዳችኋል። ገጠር ውስጥ ደግሞ የመጠጥ ቤቶቹ ማዕድ ቤት ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው እራቱን ብዙ አያቆየው።

ባጭሩ

የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ዝም ብላችሁ አትቁሙ፣ እጃችሁን ካልዘረጋችሁ ሊያልፋችሁ ይችላል። የደብሊን አውቶቡስ ላይ በጥሬ ገንዘብ የምትከፍሉ ከሆነ ሳንቲም ብቻ ነው፣ መልስም የለም። ሊፕ የሚባለውን የጉዞ ካርድ ግዙ። አውሮፕላን ማረፊያው ባቡር የለውም። ሶኬቱ ባለ ሦስት እግር ነው፣ የዱባይ ቻርጀር ይገባል፣ የጀርመንና የአዲስ አበባው አይገባም። ከደብሊን ወይም ከሻነን ወደ አሜሪካ የምትበሩ የአሜሪካን ኢሚግሬሽን የምታልፉት እዚሁ ስለሆነ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ኒውግሬንጅ የሚባለውን ጥንታዊ መቃብርና የኪልማይናምን የድሮ እስር ቤት በሩ ላይ ትኬት አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ።

ገዳማቱን ሳያዩ መመለስ

ይሄ ስህተት ከማናደድ ይልቅ ያሳዝነኛል። የእኛ ሰው ለገበያና ለገደል ጊዜ ይሰጣል፣ ገዳም ከሆነ "አገራችን ሞልቷል" ይላል። እኮ ለዚያ ነው! የአየርላንድ መነኮሳት እንደኛዎቹ አርአያ ያደረጉት የግብጽን በረኸኞች ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ቲፐረሪ ውስጥ ከረግረግ የወጣ ጥንታዊ መዝሙረ ዳዊት አለ፣ የቆዳ ሽፋኑ ከውስጥ በኩል ፓፒረስ ተገኝቶበታል። ደብሊን ኪልዴር ጎዳና ላይ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ደብሊን ቤተ መንግሥት ግቢ ያለው ቼስተር ቢቲ ደግሞ የእኛው የግዕዝ ብራናዎች አሉት፣ ሁልጊዜ ለእይታ ባይወጡም። ሁለቱም በነጻ ነው።

ከድሮገዳ ወጣ ብሎ ሞናስተርቦይስ የሚባል የመቃብር ቦታ አለ። እዚያ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም፣ በአሥረኛው መቶ ዓመት የተቀረጸ የድንጋይ መስቀል ቆሟል። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት አዛውንት ይዤ ሄድኩ። ቀና ብለው አናቱ አካባቢ ያለውን ቅርጽ አዩ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፣ መሐላቸው ወፍ አለ። እኔ ለማስረዳት አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። "አባ ጳውሊና አባ እንጦንስ! ያውና ቁራው እንጀራውን ይዞ" አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሦስት ጊዜ ሰገዱ፣ ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀመጡና ሻይ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ወደ ቤልፋስት የሚሄዱ እንግዶች በየቀኑ በዚያ ቦታ አጠገብ በአውራ ጎዳናው ያልፋሉ። ከመንገዱ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ መግቢያም አይከፈልም።