የማይሞቅ መታጠቢያ ቤት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የአዲስ አበባ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ማዕከላዊ ማሞቂያ የላቸውም። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ ሴራሚክ የለበሰ መታጠቢያ ቤት ጠዋት ጠዋት ያንዘፈዝፋል። ብዙ ሰው ወዲያው ትልቅ ማሞቂያ ወደ መግዛት ይሄዳል። ከዚያ በፊት ሙቀቱ በየት እንደሚያመልጥና የግድግዳው ሽቦ ምን ያህል እንደሚሸከም ማወቅ ይቀድማል።

ማሞቂያው በርቷል፣ ክፍሉ ግን አይሞቅም

መጀመሪያ መስኮቷን ይዩ። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከኮርኒሱ ሥር ያለችው ትንሽ መስኮት በደንብ ካልገጠመች ሙቀቱን ጠራርጋ ታስወጣለች። የመስታወቱን ዙሪያ በሲሊከን፣ የሚከፈተውን ጠርዝ በሚለጠፍ ስፖንጅ ይድፈኑ። በሚታጠቡበት ጊዜ ከበሩ ሥር ጨርቅ ማድረግም ይረዳል።

ቀጥሎ የማሞቂያው ዓይነት ነው። ባለ ዘይቱ ራዲያተር ክፍሉን እስኪያሞቅ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ባለ ፋኑ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን እርጥብ ገላ ላይ የሚነፍስ አየር ለብ ያለ ቢሆንም ያበርዳል። ለአጭር ሻወር የምንመርጠው ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚሰቀለውን ባለ ኳርትዝ የጨረር ማሞቂያ ነው፤ አየሩ እስኪሞቅ ሳይጠብቅ ገላን በቀጥታ ያሞቃል። ለ4 ካሬ ሜትር ክፍል ከ1,000 እስከ 1,500 ዋት ይበቃል። የውሃ ፍንጣቂ የሚችል፣ ማለትም አይፒ24 የሚል ምልክት ያለበት ይሁን፤ ከሻወሩ ጠርዝም ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

ቀን ደህና የነበረው ማሞቂያ ማታ ከደከመ ግን ጥፋቱ የቮልቴጅ ነው። 2,000 ዋት የተባለው በ220 ቮልት ሲሠራ ነው። መስመሩ 180 ቮልት ሲደርስ 1,340 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ ቮልቴጁ ከአንድ አምስተኛ ባነሰ ሲወርድ ሙቀቱ በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። የፍሪጅ ስታቢላይዘር ይህን ጭነት አይችልም። ማሞቂያውን አሥር ደቂቃ ቀድሞ ማብራት ይሻላል።

ብሬከሩ ይወርዳል

መቼ እንደሚወርድ ያስተውሉ። ከደቂቃዎች በኋላ ከሆነ ጭነት በዝቷል፤ እንዳበሩት ወዲያው ከሆነ ሽቦ ተነካክቷል ወይም ማሞቂያው ውስጥ ሾርት አለ። 1,500 ዋት ቦይለር 7 አምፔር፣ 2,000 ዋት ማሞቂያ 9 አምፔር ይስባሉ። ሁለቱ ብቻ 16 አምፔር ብሬከርን ይሞላሉ፤ ልብስ ማጠቢያው ሲጨመር ይወርዳል። ቦይለሩ ውሃውን አሙቆ ካጠፉት በኋላ ማሞቂያውን ያብሩ። ውሃን በቅጽበት የሚያሞቀው 5,500 ዋት ሻወር ብቻውን 25 አምፔር ስለሚስብ፣ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 32 አምፔር ብሬከር ያለው የራሱ መስመር ይሠራለት።

ብሬከሩን በትልቅ መቀየር መፍትሄ አይደለም። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ብሬከሩ ዝም ብሎ ሽቦው ይቃጠላል። ለ16 አምፔር 2.5 ያስፈልጋል።

ስፒናው ይግላል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል

መንስኤው የላላ ሶኬት ወይም ዲቫይደር ነው። የዲቫይደር ቀጭን ሽቦ ለማሞቂያ አልተሠራም፤ በዚያ ላይ እርጥበት አለ። ሶኬቱን ያስቀይሩ፣ ማሞቂያውን በቀጥታ ይሰኩ።

ቧንቧውን ሲነኩ ይነዝራል

ከዋናው ብሬከር ያጥፉና እስኪጠገን ማንም አይታጠብ። ብዙውን ጊዜ የቦይለሩ ማሞቂያ ሽቦ ኤሌክትሪክ ያፈስሳል፣ ግራውንዱም አልተገናኘም። ኤሌክትሪሺያኑ ግራውንዱን ካስተካከለ በኋላ በ30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር ያስገባ። ይህ ክፍል ውስጥ ከማሞቂያው በፊት ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው እሱ ነው።

ግድግዳው ያልባል፣ ኮርኒሱ ይሻግታል

የሞቀ አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ታጥበው ሲጨርሱ የግድግዳውን ውሃ ይጥረጉ፣ መስኮቷን 20 ደቂቃ ይክፈቱ። ሻጋታውን በውሃ በቀጠነ በረኪና ያጽዱ፤ ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ከሰል ተቀጣጥሎ ገብቶ ራስ ምታት ወይም ማዞር መጣ

ይህ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ነው። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የፋመና ጭስ የሌለው ከሰልም ያወጣዋል። በጠባብ ክፍል ሰውን ራሱን አስቶ ይገድላል። ከሰል ወደ መታጠቢያ ቤት በምንም ምክንያት አይግባ። ከደረሰ ግን በርና መስኮት ከፍተው ሰውየውን ቶሎ ወደ ውጭ ያውጡ፣ ጤና ተቋም ያድርሱ፣ ከሰል እንደነበረም ለሐኪሙ ይንገሩ። ጣት ላይ የሚደረገው ተራ የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለይ፣ ቁጥሩ ጤነኛ ቢመስልም ወደ ቤት አይመለሱ።