ጠጅ ሲጥሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠጅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ማር፣ ውኃና ጌሾ። የሚበላሸውም በአብዛኛው አራተኛ ነገር ሲጨመርበት ወይም ሳይደርስ ሲቸኮልበት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው ማሩ ገና ሳይነካ ነው፤ እንስራውን በውኃ አለቅልቆ ብቻ መጠቀም። ሸክላ ያለፈውን መጠጥ ይመጥጣል፤ ቀድሞ የኮመጠጠ ነገር ከነበረበት አዲሱንም ያኮመጥጠዋል። እናቴ በግራዋ ቅጠል ደጋግማ ትፈትገዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታደርቀዋለች፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ጭሱ ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ ጠጁን የሚያበላሹትን ተሕዋስያንም ይቀንሳል። በፕላስቲክ በርሜል የሚጥሉ ከሆነ ለምግብ ተብሎ የተሠራ ይሁን።

የረጋ ማር ሲያዩ «ስኳር አለበት» ብለው አይመልሱ። መርጋት የማር ተፈጥሮ ነው፤ የትግራይ ነጭ ማር ፈጥኖ በመርጋቱ ይታወቃል። ለጠጅማ ሰፈፉ ያልተለየው ጥሬ ማር ይመረጣል፤ እርሾውን ከቀፎው ይዞት ይመጣል። ውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖች «ብርዙ አልነሳ አለ» የምትሉት ብዙውን ጊዜ ማሩ ከመታሸጉ በፊት ስለሚሞቅና ስለሚጣራ ነው። ጥሬ ማር ካልተገኘ ጥቂት የወይን እርሾ መጨመር ነውር የለውም።

ለአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውኃ ይበቃል። «ይጠንክርልኝ» ብሎ ማር ማብዛት እርሾውን ያፍነዋል። ማር ብቻውን ለዓመታት ሳይፈላ የሚቀመጠው ውፍረቱ እርሾ ስለማያሠራ ነው። ውኃ ሲበዛ ደግሞ ጠጁ ይቀጥናል፣ ቶሎም ይኮመጥጣል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጌሾው ላይ ነው። ለጠጅ የሚሆነው እንጨቱ ነው፤ ቅጠሉን ለጠላ ያቆዩት። ብርዙ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ የተንሳፈፈውን ሰፈፍ ይግፈፉ። አይድፉት፤ ቀልጦ ሲጣራ ሰሙ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይሆናል። ከዚያ ከብርዙ ጥቂቱን ቀድተው ከጌሾው ጋር 15 ወይም 20 ደቂቃ ያፍሉና መልሰው ይቀላቅሉት፤ ግን በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ። ትኩሱን የሚገለብጥ ሰው ሥራ የጀመረውን እርሾ ይገድለዋል። ጌሾውን ጨምሮ መርሳትም አለ፤ ላይ ተንሳፍፎ የደረቀ እንጨት ይሻግታል። በየቀኑ በንጹሕ ጭልፋ ያማስሉት፣ ምሬቱ ሲበቃዎት ያውጡት። በጣም የመረረ ጠጅ በኋላ ማር ቢጨመርበትም አይመለስም።

ቀን ቆጥሮ መቅዳት ሌላው ነው። በቆላ በሳምንት ገደማ የሚደርሰው ጠጅ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። እናቴ ቀን አትቆጥርም ነበር፤ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ጋኑ አፍ ላይ ታደርጋለች። ውስጡ እንደ ደቃቅ ዝናብ ሲንሿሿ ከሰማች «ገና ይናገራል» ትልና ጨርቁን መልሳ ትሸፍነዋለች። እኔም እስከ ዛሬ የማምነው ይህንኑ ነው፤ ድምፁ ሲረግብና ከላይ ሲጠራ ያን ጊዜ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል።

ከሁሉም የምፈራው አጥብቆ መክደንን ነው። የሚፈላ ጠጅ ጋዝ ያወጣል፤ መውጫ ካጣ ዕቃውን ይሰብራል። ያልረገበ ጠጅ የተሞላበት የወይን ጠርሙስ በአንድ ዘመድ ቤት ሌሊት ፈንድቶ ስባሪው የቁም ሣጥን በር ላይ ተሰክቶ አይቻለሁ። ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባም መፍላቱ ይዘገያል እንጂ አይቆምም፤ ስለዚህ ክዳኑን ላላ ያድርጉት።

በማር ፋንታ ስኳር ማብዛትና ቢጫ ቀለም መጨመር ስህተት ሳይሆን ማታለል ነው። ለእንግዳ የሚቀርብ መጠጥ ላይ ይህን ማድረግ ያሳዝነኛል።

በመጨረሻ፣ ብርዝ አልኮል የለውም የሚባለው በተበረዘበት ቀን ነው። ሁለት ሦስት ቀን ያደረውን ለልጆች አይስጡ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ትኩስ ብርዝም ሆነ ማር ከቶ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ባክቴሪያ ለከባድ መመረዝ ይዳርገዋል።