አስማታዊ ዕቃ የሚጠብቅ እንቆቅልሽ እንዴት ይዘጋጃል?

አስማታዊ ዕቃን በቁልፍ ብትዘጉበት ሌባው ይከፍተዋል። ዘንዶ ብታስጠብቁት ተዋጊው ይገጥመዋል። እንቆቅልሽ ካስቀመጣችሁ ግን ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ዳይሱን ትቶ ማሰብ ይጀምራል።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1974 እንደወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ባሉ ጨዋታዎች አንድ ሰው ዓለሙን ይመራል። ዲኤም ይሉታል። ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባህሪ ይዘው ይጫወታሉ፤ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ ሌባ። የሞከሩት ነገር መሳካት አለመሳካቱን ብዙ ጊዜ ዳይስ ይወስናል። ለወራት የሚቀጥለው ታሪክ ደግሞ ካምፔን ነው።

እንቆቅልሽ በካምፔን ውስጥ አደገኛ ነገር ነው። ካልተፈታ ጨዋታው ቀጥ ይላል። ሁሉም ዝም ይላል፣ አንዱ ስልኩን ያወጣል፣ ሌላው ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል። ለዚህ ችግር ግን የእኛው የልጆች ጨዋታ ጥሩ መፍትሔ አለው። በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዕቃው ጀምሩ

ብዙ ዲኤሞች መጀመሪያ አሪፍ እንቆቅልሽ ይፈልጉና በር ላይ ይለጥፉታል። ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደደበቀው፣ ለማን እንደደበቀው ወስኑ። ማንም እንዳይወስደው የፈለገ ሰው ባሕር ውስጥ ይጥለዋል እንጂ ጥያቄ አይጽፍበትም። እንቆቅልሽ የሚያስቀምጥ ሰው አንድ ዓይነት ሰው እንዲወስደው ይፈልጋል ማለት ነው። የሳባ ንግሥት ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው መጣች ይላል መጽሐፍ ቅዱስ። ወርቅና ሽቱ አስጭና የመጣች ሴት፣ መጀመሪያ ያጣራችው ሰውየው እንደተወራለት መሆኑን ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ዕቃው ቀንደ መለከት ነው። ሲነፋ ጠላትን ጠርጎ ይጥላል። ዋሻ፣ ክፍል ወይም ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ከተነፋ ግን የጉዳቱ ግማሽ ወደ ነፊውና ወደ ጓደኞቹ ይመለሳል። የደበቀው አንድ የጦር አዛዥ ነው። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነፍቶት የገዛ ወታደሮቹን ጨርሷል። ስለዚህ መለከቱን እንዲያገኘው የሚፈልገው ይህን ባህሪውን የተረዳ ሰው ብቻ ነው። የእንቆቅልሹ መልስ ምን ሊሆን ይገባል? የገደል ማሚቶ።

አያችሁ፣ መልሱ በሩን ከፍቶ አያበቃም። የዕቃው የአጠቃቀም መመሪያም ነው። መልሱ በሩ ከተከፈተ በኋላ ምንም የማይጠቅም ከሆነ እንቆቅልሹን ጣሉትና ሌላ አስቡ።

ከመልሱ ወደ ጥያቄው ተመለሱ

ወረቀት አውጡና የመልሱን ባህሪያት ዘርዝሩ። ምን ያደርጋል? የት ይገኛል? ምን የለውም? ከዚያ እርስ በርስ የሚጣሉ የሚመስሉትን ምረጡ። አርስቶትል እንቆቅልሽ ማለት እውነተኛውን ነገር በማይሆን አነጋገር ማጣመር ነው የሚል ሐሳብ አለው። ከዚያ በኋላ የተጻፈ ብዙ ምክር ከዚህ የተሻለ አልነገረኝም።

የገደል ማሚቶ ይናገራል ግን አፍ የለውም። ይመልሳል ግን የራሱ ቃል የለውም። በእነዚህ ላይ ተመሥርቼ እንዲህ ጻፍኩ፦

ካልጠራኸኝ አልናገር፣
ብትፈልገኝ የለኝ አገር፤
ብትሰድበኝ እሳደባለሁ፣
ብትመርቀኝ እመርቃለሁ።

አራት ስንኝ ይበቃል። እንዲያውም ይበዛል። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» የሚለውን አስታውሱ፤ መልሱ ጤዛ ነው። አራት ቃል ብቻ ናት፤ ጠዋቱም፣ መንገዱም፣ ፀሐዩም ውስጧ አሉ።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ስንኝ ሥራ እንዳለው ፈትሹ። የስንኝ ሥራው የተሳሳተ መልስን ማባረር ነው። አንዱ ተጫዋች «መስታወት» ይላል፤ የመጀመሪያው ስንኝ ያስወጣዋል፣ መስታወት አይናገርም። ሌላው «ሕፃን ልጅ» ይላል፤ ሁለተኛው ስንኝ ያስወጣዋል። ምንም የማያባርር ስንኝ ጌጥ ብቻ ስለሆነ ሰርዙት። «ፌስቡክ!» የሚል መምጣቱ አይቀርም። እሱን ምንም ስንኝ አያስወጣውም፤ ያው በዚያ ዓለም ኢንተርኔት የለም።

እናንተ ያላሰባችሁት መልስ ሁሉንም ስንኝ ካሟላስ? በሩን ክፈቱ። ያለምንም ክርክር። «ልክ ነው ግን እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው» የሚል ዲኤም ተጫዋቹ ሁለተኛ እንዳይሞክር ያደርገዋል።

ታዋቂ እንቆቅልሽ ገልብጣችሁ አታምጡ። ጠዋት በአራት፣ ቀትር በሁለት፣ ማታ በሦስት እግር የሚሄደው ምንድን ነው የሚለውን የስፊንክስን (የግሪክ ተረት ጭራቅ ናት) ጥያቄ የማያውቅ ተጫዋች የለም።

ፊደሉ የሚደብቅላችሁን ተጠቀሙበት

በአማርኛ የሚጫወት ሰው በእጁ ያለ አንድ ጥሩ መሣሪያ ይህ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ቃል አይለይም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው። ድንጋይ ላይ ሲጻፍ ግን አንድ ነው።

በሩ ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አስቀምጡ፦

የማለፊያውን ቃል ጠየቅሁት። ጠባቂው ውስጥ አለ።

ተጫዋቾቹ ምን ያደርጋሉ? ሰይፍ ይመዛሉ። ጋሻ ያነሳሉ። በሩ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ውስጥ ያለውን ጠባቂ ያዳምጣሉ። ውስጥ ግን ማንም የለም። ጠባቂው ሲጠየቅ «ውስጥ» ብሎ መለሰ፤ የማለፊያው ቃል «ውስጥ» ነው።

ይህ የሚሠራው ጽሑፉን በወረቀት ከሰጣችሁ ብቻ ነው። እናንተ ጮክ ብላችሁ ካነበባችሁት ወይ መልሱን ታወጣላችሁ፣ ወይ ትዋሻላችሁ። አንዱ ተጫዋች ራሱ ያንብበው። «ውስጥ አለ» የተለመደ አነጋገር ስለሆነ አጥብቆ ያነበዋል፤ ጓደኞቹንም ይዞ ይጠፋል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ትምህርተ ጥቅስ ግን አታድርጉበት፣ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

ፍትሐዊ እንዲሆን ቀደም ባለ ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ አጻጻፍ ያለው ሌላ ጽሑፍ አሳዩአቸው፦ «ስሙን ጠየቅሁት። ልጁ በቀለ አለ።» እዚህ ማንም አይሳሳትም። በኋላ ግን አንዱ «ቆይ፣ ቅድም ያነበብነው…» ሲል ታያላችሁ። ውጭ ሀገር አድጎ አማርኛ የሚናገር ግን ፊደል የማያነብ ሰው አብሯችሁ ካለ ይህን ዘዴ ተዉት።

ሶምሶን አትሁኑ

በመጽሐፈ መሳፍንት ውስጥ ሶምሶን ለሠርጉ እንግዶች እንቆቅልሽ ይሰጣል፦ ከበላተኛው መብል ወጣ፣ ከብርቱው ጣፋጭ ወጣ። መልሱ አንበሳና ማር ነው። አንበሳውን የገደለው እሱ፣ በሬሳው ውስጥ ማሩን ያገኘው እሱ፣ ለአባትና ለእናቱ እንኳን አልነገረም። ሠላሳ ሰዎች በሰባት ቀን እንዴት አድርገው ይወቁት? አልቻሉም። ሚስቱን አስፈራርተው መልሱን አወጡ፣ ነገሩም በደም አለቀ።

እንቆቅልሻችሁ አንድ መረጃ የሚፈልግ ከሆነ መረጃው አስቀድሞ ተጫዋቾቹ እጅ መግባት አለበት። በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ቢያንስ በሦስት። አንዱን አያዩትም፣ ሁለተኛውን አይረዱትም፣ ሦስተኛው ያድናቸዋል። ለመለከቱ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። መለከቱ ከተደበቀበት ዋሻ በታች ባለው መንደር አንድ እረኛ ገደሉ ላይ ቆሞ ይሳደባል፣ ገደሉ ሲመልስለት ይስቃል። መግቢያው ግድግዳ ላይ መለከት እየነፋ ከጆሮው ደም የሚወርድ ሰው ተስሏል። ሦስተኛው ፍንጭ እናንተው ናችሁ፦ ተጫዋቾቹ በሩ ፊት ሲነጋገሩ የመጨረሻ ቃላቸውን እየደገማችሁ በሹክሹክታ መልሱላቸው። «እንግባ?» ይላል አንዱ፤ «…እንግባ» ትላላችሁ። መጀመሪያ ይናደዳሉ። ከዚያ ይገባቸዋል።

የሚያስበው ማን ነው?

አስማተኛው በወረቀቱ ላይ ብልህነቱ 18 ነው፤ በጣም ብልህ ማለት ነው። የሚጫወተው ሰው ግን ከሥራ ደክሞ የመጣ ነው። ዳይስ ጥሎ መልሱን ያግኝ ካላችሁ እንቆቅልሹ ጠፋ። ዳይስ አይቻልም ካላችሁ ደግሞ ያ 18 ምን ይሠራል? መካከለኛው መንገድ ዳይስ ፍንጭ ይግዛ የሚለው ነው። በጨዋታው አምስተኛ እትም ሕግ ለቀላል ነገር 10፣ ለመካከለኛ 15፣ ለከባድ 20 ማምጣት ያስፈልጋል። 10 ያመጣ አንድ የተሳሳተ መልስ ይሰረዝለት። 15 ያመጣ የትኛው ስንኝ ቁልፍ እንደሆነ ይነገረው። 20 ያመጣ ቀደም ሲል ያለፈው ፍንጭ ትዝ ይበለው፤ እረኛውን አስታውሱት።

ሀገር ስጠኝ

አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ። በእኛ ጨዋታ «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» ተባብለን ጥያቄው ይመጣል። ያላወቀ ሰው ምን ይሆናል? አይገደልም፣ በሩም አይዘጋበትም። «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። «ጎንደርን ሰጥቼሃለሁ» ይላል። ጠያቂው «ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ፣ ሁሉ በእጄ ሁሉ በደጄ» ብሎ ይኩራራና መልሱን ይነግረዋል። ጨዋታው ይቀጥላል። አንዱ ግን ከስሯል።

ለካምፔን ከዚህ የተሻለ ሕግ አላውቅም። ያልፈታ ይክፈል፣ ከፍሎም ይለፍ። ከስፊንክስ ጋር አስተያዩት፤ ያልመለሰውን ትገድላለች፣ ሲመለስላት ራሷን ትገድላለች። ከዚያ በኋላ ምን ይጫወታል?

እንዲያውም ቃል በቃል አድርጉት። በሩን የሚጠብቀው ሐውልት ሦስት ስሕተት ሰምቶ «ሀገር ስጡኝ» ይበል። ተጫዋቾቹ የረገጡትን አንድ ከተማ መስጠት አለባቸው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በዚያች ከተማ የሚያውቃቸው ሰው የለም። በነፃ ያሳደራቸው የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አያስታውሳቸውም። ያዳኗት ልጅ አታስታውሳቸውም። ሐውልቱም መልሱን ነግሮ በሩን ይከፍታል።

ተንኮለኛው ተጫዋች ወዲያው ዕዳ ያለበትን ወይም ፖሊስ የሚፈልግበትን ከተማ ይሰጣችኋል። ይስጥ፣ ብልጠት ነው፤ ዕዳውም ይረሳ። ግን እዚያው በአደራ ያስቀመጠውን ወርቅ ሲጠይቅ «አንተ ደግሞ ማነህ?» ይባላል። ስማቸው ያልታወቀ ትንሽ መንደር ካቀረቡ ሐውልቱ «አነሰኝ» ማለት ይችላል። ይህ ድርድር አንዳንዴ ከእንቆቅልሹ ራሱ ይበልጥ ያስቃል፣ ጊዜ ስጡት።

ለቀላል ዕቃ ግን ሀገር አይጠየቅም። አንድ የፈውስ መድኃኒት፣ ለአንድ ሰዓት የሚነድ ችቦ፣ ወይም አንድ እውነተኛ ምሥጢር ይበቃል። ዋጋው ከዕቃው ጋር ይመጣጠን።

በሩን ቢሰብሩትስ?

ይሰብሩት። ኖክ የሚባለው ድግምት በሩን ይከፍታል፣ ድምፁ ግን እስከ 300 ጫማ ይሰማል። በሚያስተጋባ ዋሻ ውስጥ ይህ ምን እንደሚቀሰቅስ እናንተ ታውቃላችሁ። ዋናው ኪሳራ ሌላ ነው፤ እንቆቅልሹን የዘለለ ሰው መለከቱን ያለ መመሪያ ይወስዳል።

ከጨዋታው ቀን በፊት እንቆቅልሹን ከቡድኑ ውጭ ላለ ሰው ንገሩት። ስልክ ላይም ይሁን ቡና ላይ። ወዲያው ከመለሰ ፍንጮቹን ቀንሱ። ጭራሽ የተለየ መንገድ ከሄደ የትኛው ስንኝ እንዳሳሳተው ጠይቁትና እሱን ቀይሩ። በአንድ ቀን ጨዋታ ከአንድ በላይ አታስገቡ። በሩ ፊት ሩብ ሰዓት ካለፈ ዳይስ አስጥሉ፣ ወይም ሐውልቱ ዋጋውን ይጠይቅ።

መለከቱን ሲወስዱ የዕቃውን ካርድ ስጧቸው። ካርዱ ላይ የጉዳት ቁጥሩንና አራቱን ስንኞች ብቻ ጻፉ፤ ስለመመለሱ ምንም አትጻፉ። በሚቀጥለው ወር ጠባብ ዋሻ ውስጥ ተከበው አንዱ «መለከቱን እነፋለሁ» ሲል አታስጠንቅቁት። ካርዱ እጁ ላይ ነው።